በጠረጴዛ ላይ የተተከለ ኮርች

ዘይቡና ፋሂም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ያን ሰሞን ግን ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው የፋሂም እንጨት ቤት ጎራ ያለ ሰው፣ እነዚህ ሁለቱ ደመኞች ናቸው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም ነበር።

«ይሄ ነው የቡና ዛፍ? ጎመን ነው የሚመስለው!» ይላታል ፋሂም፣ በአረንጓዴ ቀለም ነክራ ያደረቀችውን የስፖንጅ ቁራጭ በጣቱ እየገፋ።

«አንተ ደግሞ ቡና የምታውቀው ከሰው ማሳ ስትለቅም ነው» ትለዋለች እሷ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛቸው እሱባለው የሚባል ባለ ሆቴል ነው። እውነተኛው ባቡር ጅማ እስኪገባ ብጠብቅ አርጅቼ እሞታለሁ፣ እኔ እንግዳ መቀበያዬ ውስጥ አስገባዋለሁ አለና አሻንጉሊት ባቡር ከነሃዲዱ ከዱባይ አስመጣ። ባቡሩ ከጅማ ተነሥቶ፣ በሰርቦ አልፎ፣ ሊሙ ገነት ደርሶ ይመለሳል። ባዶ ጣውላ ላይ መሮጡ ግን ሰውየውን አላስደሰተውም። ተራራው፣ መንደሩ፣ የቡናው ማሳ፣ ቡና የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ሳይቀር ይሠራልኝ አለ። ፋሂም አናጢ ነው። ዘይቡ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅና ስፖንጅ እጇ ላይ ይታዘዛሉ። አንዱ ያለ ሌላው አይጨርሰውም፤ እንግዲህ እየተናከሱ ሠሩት።

ጠባቸው ከሰርቦ የመጣ ነው። አባታቸው አባቦራ በሕይወት ሳሉ የቡና ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው፣ መሐሉን ከአንዲት ዋንዛ ሥር እስከ አንድ ትልቅ ድንጋይ ድረስ በገዛ እጃቸው ኮርች ተክለውበት ነበር። ኮርች ቆርጠው ከሰኩት የሚበቅል፣ ቀይ አበባ የሚያወጣ ዛፍ ነው፤ በዚያ አገር የማሳ ድንበር እሱ ነው። ከኮርቹ በላይ ያለው የፋሂም ሆነ፣ ከኮርቹ በታች እስከ ወንዙ ያለው የዘይቡ። ሽማግሌው ከሞቱ በኋላ ዘይቡ ለለቀማ ብትሄድ፣ ወይ ጉድ! ኮርቹ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ተሰልፎ ቆሟል። ለእሷ የተረፋት ረግረግ ብቻ ነው። ቡናዋ በሙሉ በወንድሟ በኩል ገብቷል።

«ድሮም እዚሁ ነበር» አላት ፋሂም፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጎረቤት ቢጠየቅ ግማሹ አላየሁም አለ፤ ግማሹ ፋሂምን ፈርቶ አፉን ዘጋ። ዘይቡ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ቡና ነው። ብትጮህ፣ ብታለቅስ፣ ማን ይስማት? በመጨረሻ የቤተሰቡ ሽማግሌ ሸህ ኡመይር እሁድ ሰርቦ ወርደው ሊዳኙ ቀጠሮ ያዙላቸው። እሷ ግን ምስክር የላትም፤ ያለ ምስክር ደግሞ እሁድ ማሳዋ የፋሂም ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ለማንም አልተናገረችም። በአፏ ሌባ ትበለው እንጂ፣ ሆዷ ውስጥ «እውነት ተሳስቶ ይሆናል፣ ዘንግቶት ይሆናል» እያለች ራሷን ታባብል ነበር። በልጅነቷ በትከሻው ተሸክሟት ወንዝ ያሻገራት ወንድሟ እኮ ነው!

ጠረጴዛውን ሲከፋፈሉ ፋሂም ቀድሞ ተናገረ፤ «ሰርቦን እኔ ነኝ የምሠራው። እጅሽን እንዳታስገቢ! አንቺን ካስገባሁማ ማሳውን በሙሉ የእኔ ነው ብለሽ ታጥሪዋለሽ።»

«ውሰደው! መውሰድ መቼ ይከብድሃል!» አለችውና ሊሙን ይዛ ተቀመጠች።

እሷ ቡናውን ስትተክል፣ ከስሩ የቡና ገለባ በኮላ ስታነጥፍ፣ እሱ ወዲያ ማዶ ጀርባውን ሰጥቷት ይጠርባል። ማታ ሲወጣ የሠራውን በአቡጀዲ ይሸፍናል። ስለ ፋሂም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በሥራው የመጣበትን ሰው አይምርም። በርጩማህ ይወዛወዛል ያለውን ደንበኛ፣ በርጩማውን ነጥቆ ከሱቁ አባርሮታል። ዘይቡም ይህን ጠባዩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ምረቃው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እሱባለው ሆቴል ውስጥ ሆነ። እሱባለው ሰው ጠራ፤ ሸህ ኡመይርም ዱዓ ሊያደርጉ መጡ። አቡጀዲው ሲገፈፍ ሆቴሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ዘይቡ ግን ሰርቦን ባየች ጊዜ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች።

የአባቷ ማሳ ነው። ዋንዛዋ አለች፣ ትልቁ ድንጋይ አለ። ከዋንዛዋ ሥር እስከ ድንጋዩ ደግሞ፣ ቀይ ክር በአበባ አምሳል የታሰረላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ተሰልፈዋል። ኮርቹ ነው፤ እዚያው፣ አባቷ የተከሉት ቦታ ላይ። ከኮርቹ በታች እስከ ወንዙ ድረስ ማሳው ወለል ብሎ ይታያል። ፋሂም ሥራው ይዞት ሲጠርብ ውሸቱን ረስቶታል።

ዘይቡ ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብጮህ «ጨዋታ ነው፣ አሻንጉሊት ነው» ይለኛል ብላ አሰበች። ስለዚህ ሌላ ነገር አመጣች።

«አይ ፋሂም!» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔ ሊሙን እንዳለ ቁጭ አደረግኩት። አንተ ሰርቦን መሥራት ቢያቅትህ ዝም ብለህ እንጨት ሰካክተህ ቀለም ቀባህ አይደል? ያሳፍራል!»

የፋሂም ጆሮ ቀላ። «ማን ነው ዝም ብሎ የሰካካ?»

«አንተ ነሃ! ከራስህ ፈጥረህ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ቦታ የለም።»

«ወላሂል አዚም አንዲት እንጨት ከራሴ አልጨመርኩም!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ዓይን የለሽም? ዋንዛዋን አታውቂያትም? ኮርቹ ከእሷ ሥር ተነሥቶ እስከ ድንጋዩ! ያቺ የጎበጠችዋ እንኳ አልቀረችም! ልክ አባባ እንደተከለው!»

«አባባ እንደተከለው?» አሉ ሸህ ኡመይር ቀስ ብለው።

«እንደተከለው!» አለና ያን ጊዜ ገና የገዛ ድምፁን ሰማ።

ሸሁ ጎንበስ ብለው ኮርቹን ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከዚያ ወደ ፋሂም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በአላህ ስም ምለሃል። እንግዲህ እሁድ ሰርቦ የምወርደው ልዳኝ አይደለም። ድንበሩን ወደ ቦታው ስትመልስ ልይ ነው።»

ፋሂም እጁን ሰዶ ኮርቹን ከጠረጴዛው ላይ ነጨው። «እንጨት እኮ ነው! ለጌጥ ነው!»

«የሰርቦውንም እንዲሁ ነው የነቀልከው» አለችው ዘይቡ።

«ደስ አለሽ? ሰው ፊት አዋረድሽኝ፣ ደስ አለሽ?»

«አዎ! ደስ ብሎኛል!» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ደስ ብሏት ነበር፣ ምን ትዋሽ። ማሳዋ ተመልሶላታል፣ ልጆቿ አይራቡም። ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው የጎበጠችው ኮርች ትዝ ያለቻት። ጉብጠቷን እንኳ አልረሳም። አልተሳሳተም፣ አልዘነጋም፤ እያንዳንዷን ያውቃት ነበር፣ እያወቀ ነው የነቀላት። ዘይቡ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ባለ ባጃጁ ዞሮ አያት። «ምነው እህቴ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«አዎ» አለችው። «ወንድሜ።»