በሙዝ ጭነት ላይ የመጣው ሰው

፩

«ንዳ! ምን ትጎተታለህ?»

ሰይፈ መኪናውን ቀዝቀዝ አድርጎት ነበር። ከመንገዱ በስተቀኝ አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል፤ ከዋርካው ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ የጠጠር መንገድ አለ። ሰይፈ ዋርካውን አየ፣ ከኋላ የተቀመጠችውን እናቱን በመስታወት አየ፣ ተመልሶ ዋርካውን አየ።

«ጎማው የተነፈሰ መሰለኝ፣ እማዬ።»

«ጎማው ምንም አልሆነም። ንዳ ብዬሃለሁ።»

ነዳ።


፪

ኋላ ግራ ገባን እንዳትሉ፣ ስለ ዋርካው አሁኑኑ ልንገራችሁ።

በዚያ የጠጠር መንገድ ጥቂት ሲገቡ ግራር በር የምትባል መንደር አለች። አስካለ እዚያ ትኖራለች። አስካለ የሰይፈ እናት የወይዘሮ ይመኙሻል ታናሽ እህት ናት፤ የአንድ እናት፣ የአንድ አባት ልጆች። ከተነጋገሩ አራት ክረምት አልፏል። የተኳረፉት የአስካለ ባል መምህር ወንድአፍራሽ የሞተ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በይመኙሻል ቤት የአስካለ ስም አይነሳም።

ይመኙሻል የመንገድ ሰሌዳ ማንበብ አትችልም። ዋርካውን ግን ከሩቅ አንብባዋለች።

የክፍሎቹን ቁጥር የደረደርኩት ለእናንተ ነው። ለእሷማ ሁሉም አንድ መንገድ ነበር፤ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ፣ ዋርካው መሃል ላይ።


፫

መኪናው ውስጥ የነበረው፦

ሶስና፣ የሰይፈ ሚስት። ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ፣ ስለ አስካለ ምንም ያልሰማች።

ሶስና ለአማቷ የገዛችው የገለባ ባርኔጣ። («ይኼን አድርጌ የወፍ ማስፈራሪያ ልሁን?» ተብሎ ኋላ ወንበር ላይ የተጣለ።)

ዳቦ ቆሎ፣ ሙሉ ፌስታል።

የሶስና ስልክ፣ በውስጡ «ቀጥ ብለው ይንዱ» እያለች የምታዝዝ ሴት ያለችበት።

አረንጓዴ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላ፣ ለእረፍት የተገዛ።

ቂም።


፬

ሶስና፦ እማማ፣ አባያ ሐይቅ ይዩት! ቀይ ነው አይደል?

ይመኙሻል፦ ጭቃ ነው።

ሶስና፦ ቀለሙ እኮ ነው የሚያምረው።

ይመኙሻል፦ እኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ በየደጁ አለ።

ሰይፈ፦ እማዬ፣ ለእረፍት እኮ ነው የመጣነው። አገርሽን እዪ ብለን።

ይመኙሻል፦ ከምኑ ነው የማርፈው? ቁጭ ብዬ ወገቤ ተቆረጠ።

ሶስና፦ (ትስቃለች።)

ይመኙሻል፦ ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺም ታረጃለሽ። ያኔ ልጅሽ አዞ ላሳይሽ ብሎ ይጎትትሻል።


፭

ከፊት ለፊት አይሱዙ መጣ። ሙዝ ጭኗል፤ ጥሬ ሙዝ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ እስከ ላይ። አለፈ። ሌላ መጣ። አለፈ። ይመኙሻል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ አቧራ ግን አልነበረም፣ መንገዱ አስፋልት ነው።

የይመኙሻል ባል ሲሞት ሰይፈ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ክረምት ነው፣ አውቶቡስ የለም። መምህር ወንድአፍራሽ ከአርባ ምንጭ በወጣ መኪና፣ በሙዝ ጭነት ላይ ተቀምጦ፣ ዝናብ እየወረደበት ነው አዲስ አበባ የገባው። ከአጥሩ ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ገባ። ነጩ ጋቢው ጫፉ ላይ ከሙዙ በሚንጠባጠበው ወተት ጠቁሯል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ የሙዝ ቅጠል ተለጥፏል፤ እሱ አላወቀም።

ይመኙሻል በእንባዋ መሃል ቅጠሏን አየችና ሳቋ አመለጣት።

«ምነው እትዬ ይመኙ?»

«ጀርባህ ላይ ማሳ ይዘህ መጥተሃል።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ልቅሶ ቤት ሆነው ሁለቱ ሲስቁ ሰው ጉድ አለ። ከዚያ ተያይዘው አለቀሱ። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ወንድአፍራሽ ከፍራሹ ቶሎ አልተነሳም፤ የሚያፈሰውን ጣራዋን ወጥቶ መትቶ ነው አገሩ የገባው። ጋቢውን አጠበችለት፣ ደጋግማ አጠበችው። የሙዝ ወተት ግን አይለቅም።

ሌላ አይሱዙ አለፈ።


፮

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ይላካል። ማለዳ፣ ከቤት ሳትወጪ፣ ሽማግሌም ጎረቤትም ተሰብስቦ ይመጣል፤ ወድቀሽ እንዳትጎጂ ክንድሽን የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል። ከዚያ ነው የሚነገርሽ።

ለይመኙሻል ከአስካለ የተነገራት እንዲህ ነው፦

«ሄሎ? እትዬ?»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ… ወንድአፍራሽ… ቀበርነው…»

«ምን?»

«…እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ? እትዬ…»

ስልኩ ተቋረጠ።

ብቻዋን ነበረች። ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ከጭኗ ወደቀ፤ ምስሩን የሚያፍስ፣ እሷንም የሚይዝ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይመኙሻል አላለቀሰችም። «በስልክ!» አለች። «እኔን፣ ታላቋን፣ እንደ ሩቅ ሰው በስልክ! አንድ ሽማግሌ መላክ አቃታት? አትምጪብኝ ማለቷ ነው። ገብቶኛል።»


፯

አልሄደችም።




፰

ልትሄድባቸው ይገባት የነበሩ ቀኖች፣ ያኔ ካለችው ጋር፦

ሠልስት። «መጀመሪያ ሰው ይላኩብኝ።»

አርባ። «አሁን ብሄድ በአርባው ብቅ አለች ይሉኛል።»

ሙት ዓመት። «አሁን ብሄድ ለድግሱ መጣች ይሉኛል።»

ሁለተኛው ዓመት። «እሷስ እግር የላትም?»

ሦስተኛው ዓመት። የጠየቃት ሰው የለም። ምክንያት አዘጋጅታ ነበር፤ እንዳዘጋጀችው ቀረ።


፱

ጫሞ ሐይቅ ላይ ብርቱካናማ መንሳፈፊያ አለበሷት። «ይኸው ብርቱካን አደረጋችሁኝ» አለች።

ጀልባ ነጂው ወጣት ነው። «እማማ፣ እጅዎን ከውሃው ያርቁ፤ አዞ አለ።»

«ይኼን ሥጋ የሚነክስ አዞ ጥርሱን የጠላ ነው።»

ጀልባው ሙሉ ሳቀ። አዞዎቹ ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተጋድመዋል፤ ጉማሬው ጆሮውን አርገፍግፎ ሰጠመ። ሶስና ፎቶ ታነሳለች። ደስ ይላል፤ ደስ አይልም አልልም።

ግን ወንድአፍራሽ በየዓመቱ «እትዬ ይመኙ፣ ነይ፤ ጫሞን በጀልባ አሳይሻለሁ» ይላት ነበር። በየዓመቱ «ዘንድሮ አይመቸኝም» ትለው ነበር። ምን ነበር ያልተመቻት? አሁን ብታስበው አንዱም ትዝ አይላትም።

አጠገቧ አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ሶስና ቦርሳዋን አስቀመጠችበት።

«አንሺው» አለች ይመኙሻል።

«ሰው አለበት እንዴ፣ እማማ?»

«አንሺው አልኩሽ።»

አነሳችው። ቦታው ባዶውን ዞሮ መጣ።


፲

ሲመለሱ ዋርካው በስተግራ ሆነ። ሰይፈ እንደገና ቀዝቀዝ አደረገ። በዚህ ጊዜ የጎማውን ነገር አላነሳም።

ይመኙሻል ዓይኗን ጨፍናለች፤ የተኛች ለመምሰል። ነጠላዋን የጨበጠ እጇ ግን አልተኛም።

እዚህ ላይ አንድ ቃል በቂ ነበር። አፏ ድረስ መጥቷል። ዋጠችው።

ዋርካው አለፈ።


፲፩

ከዋርካው ወዲህ ወንዝ አለ፤ ወንዙ ላይ ድልድይ፣ ድልድዩን እንደተሻገሩ ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች። ሶስና ማንጎ ካልገዛሁ አለች። ወረዱ።

«ድልድዩ አዲስ ነው እንዴ?» አለች ሶስና፣ ወሬ ለማስያዝ ያህል።

«አዲስ ነው እንጂ» አለች ባለማንጎዋ፣ ደልደል ያለች ሴት። «የዛሬ አራት ዓመት ክረምት አሮጌውን ወንዙ ይዞት ሄደ። እንኳን መኪና እግረኛም አላለፈ። ወዲያ ያለው ወዲያ፣ ወዲህ ያለው ወዲህ ቀረ። ይቺ ትጣፍጣለች፣ ያዥ። ይኸውልሽ፣ ያኔ ነው መምህር ወንድአፍራሽ የሞቱብን።»

ሰይፈ ቀና አለ።

«ልጆቼን ሁሉ ያስተማሩ ሰው! ታመው ሞቱ፤ ዘመድ ሳይደርስ ተቀበሩ። ሚስታቸው አስካለ አዲስ አበባ ላለች እህቷ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎች ልካ፣ ማዶ ከዚያ ቋጥኝ ላይ ቆመው፣ ውሃውን አይተው ተመለሱ። ምን ያድርጉ? ኔትወርክ የለ። እሷው ራሷ፣ በሐዘኗ ላይ፣ ያንን ጉብታ ወጥታ፣ በዝናብ፣ ስልኩን ከፌስታል አውጥታ ‹እትዬ፣ እትዬ› እያለች ስትጮህ ነው የዋለችው። ከዚህ ሆነን እናያት ነበር።»

«እህቷ በኋላ መጣች?» አለች ሶስና።

«የቷ! ድልድዩ ተሠራ፣ መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ እሷ የውሃ ሽታ። እስቲ እናቴ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ይቺ ሰው ናት?»


፲፪

ሰው ናት?




፲፫

ይመኙሻል ማንጎ ይዛ ነበር። መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ አኖረችው፤ ቀስ ብላ፣ እንደሚሰበር ነገር።

ጉብታውን አየችው። ትንሽ ጉብታ ናት፤ አናቷ ላይ አንድ ቁጥቋጦ። ለመውጣት ግን ታዳልጣለች፣ በክረምት።

በሕይወቷ ሁሉ መልስ ያጣችበት ቀን የለም። ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ነክተዋት አትለቅም።

«አይደለችም» አለች።

«አይደለችማ!» አለች ባለማንጎዋ፣ ደስ ብሏት።


፲፬

ዘግይተሽ ልቅሶ ስትደርሺ እንዲህ ታደርጊያለሽ።

ጌጥሽን ታወልቂያለሽ።

ነጠላሽን ታዘቀዝቂያለሽ። ለእረፍት የተገዛ ቢሆንም።

ከመኪናው ራቅ ብለሽ ትወርጃለሽ። እስከ ደጅ በመኪና የሚደርሰው እንግዳ ነው፤ አንቺ እንግዳ አይደለሽም። ወይም አልነበርሽም።

ደህና ዋላችሁ አትዪም። በር አታንኳኪም። ይቅርታ ብለሽም አትጀምሪም፤ ይቅርታ ከእንባ በኋላ ነው።

ከአጥሩ ጀምረሽ የሞተውን እየጠራሽ ታለቅሻለሽ። በሩ ድምፅሽን ሰምቶ ነው የሚከፈት።

ካልተከፈተስ?

ያንን ማንም አላስተማረንም።


፲፭

«ተመለስ።»

«ወዴት፣ እማዬ?»

«ታውቃለህ ወዴት እንደሆነ። ሁለቴ ቀዝቀዝ ስትል አይቼሃለሁ። ዕውር መሰልኩህ?»

ሰይፈ መሪውን አዞረ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ላብ ነው ሊል ይችላል።

«ምን ረስተን ነው?» አለች ሶስና።

«ሰው» አለች ይመኙሻል።

የስልኩ ሴት መንገድ ስታችኋል ብላ ትለፈልፍ ጀመር። «ዝም አሰኚልኝ ያቺን» አለች ይመኙሻል። «አራት ዓመት ሙሉ የት ነበረች?»

ወርቋን ከጆሮዋ ፈታች። ነጠላዋን አወረደች፣ ዘቅዝቃ ለበሰች፤ አረንጓዴው ጥለት ወደ አንገቷ ወጣ። ሰይፈ ለሚስቱ ባጭሩ ነገራት። ሶስና ነጠላ የላትም፤ ሻርፗን ገለበጠች። ሻርፕ ላይና ታች የለውም። ይመኙሻል አየቻት፤ ተጋብተው ወደ ቤት ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገረቻትም።


፲፮

ከዋርካው ሥር ወረደች። ልጇ ክንዷን ሊይዛት ሲል «ልቀቀኝ፤ ብቻዬን ነው የቀረሁት፣ ብቻዬን እገባለሁ» አለችው። ሁለቱ ከኋላ ከኋላ ተከተሏት።

የአስካለ አጥር ቅንጭብ ነው። ግቢው ውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። ገመድ ላይ አንድ ነጭ ጋቢ ተሰጥቷል፤ ያረጀ፣ ደጋግሞ የታጠበ።

ጫፉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ።

ይመኙሻል ከመኪናው ጀምራ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። ሁሉም ጠፋት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ይህ ነው፦

«በሙዝ ላይ መጥተህ የደረስክልኝ! በአስፋልት የቀረሁብህ! ወንድሜን! በአስፋልት የቀረሁብህ!»

ሬዲዮው ተዘጋ።

ጎረቤት ብቅ አለ። ውሻ ጮኸና ዝም አለ። ከቤቱ ውስጥ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ፤ ዘገምተኛ እርምጃ፣ የአሮጊት። አስካለ አርጅታለች፤ ይመኙሻል ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

እርምጃው ከበሩ ጀርባ ቆመ።

መቀርቀሪያው ላይ እጅ አረፈ።


፲፯

አስካለ፦ (የምትለውን ለእሷ ትቼዋለሁ።)

«








»