ለብቻው የቀረበ ሳህን

ሙኽታር ልጁን ሉባባን ሲድር፣ ለክርስቲያን እንግዶቹ የሚታረደውን በሬ ያረደው እንደ ወትሮው ጓደኛው ኪዳን ነበር። መተማ ዮሐንስ ላይ ደግሶ አንድ ዳስ ብቻ የሚጥል ሰው የለም፤ የሙስሊሙ ሥጋ ለሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑም ለክርስቲያኑ ነው፤ በዚህ የሚቀየም የለም። ኪዳን ታዲያ በሬውን «በስመ አብ» ብሎ አረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው ከሙስሊሞቹ ዳስ ገብቶ ከሙኽታር ጎን ተቀመጠ። የራሱን በሬ ጥሎ የሰው በሬ በላ። ያውም በደንብ በላ።

ሰክሮ ቢሆን ይታለፍለት ነበር። ግን ጠላ እንኳ አልቀመሰም። ወንድሙ ደረበ ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ በካላዛር በሽታ ከሞተ ወዲህ ኪዳን ቤተ ክርስቲያን መሳም ትቷል፤ ቄስ ሲመጣ ካየም መንገድ ይቀይራል። እግዚአብሔርን ግን አልተወም። እንዲያውም እርሻው ውስጥ ብቻውን ሲሆን ከበፊቱ ይበልጥ ያወራዋል፤ ይለምነዋል፣ ያማርረዋል፣ አንዳንዴም ይቆጣዋል። አምላክ አንድ ከሆነ ሥጋውን ምን ለየው፣ ባይ ነው። ለሱ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ለከተማው ግን አልቀለለም። ከማዕዱ ተነስቶ እጁን ሳይታጠብ «ኪዳን ሰለመ» ተባለ። ወሬው ከተማው ዳር የሚኖሩት እናቱ እማማ ታይቱ ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ ለምሳ ሲገባ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንድ ትሪ አብረውት የበሉት እናቱ ሹሮውን በሌላ ሳህን ለብቻው አቀረቡለት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ሳይቀምስ ተነስቶ ሙኽታር ሱቅ ሄደ።

«መጥተህ ለእናቴ አልሰለመም በልልኝ» አለው።

ሙኽታር ሱቁን ለሚስቱ ለረቢዓ ትቶ ተከተለው። ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚያልፉት መኪኖች ያስነሱት አቧራ ውስጥ ዝም ብሎ መሄድ አቃተው።

«ወላሂ፣ ስትበላ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ልከለክልህ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ግን ንገረኝማ፣ አሁን ምንድን ነህ?»

«አማኝ ነኛ። ቄስ ሳይቆምልኝ፣ ኢማም ሳይመራኝ አምናለሁ። እሱና እኔ ብቻ።»

«ቃል ሲጠፋህስ? አባቴ የሞተ ቀን አንዲት ቃል አልነበረችኝም። ደርቄ ነበር። ሰዎቹ ለሶላት ሲሰለፉ መሃላቸው ገባሁ፤ የሚሉትን አልኩ። የነሱ ቃል ነው ያቆመኝ።»

«ደረበ ሲቀበር እኔም መሃላቸው ነበርኩ» አለ ኪዳን። «የሰማሁት ዜማውን ብቻ ነው። ወንድሜ አልነበረበትም።»

ሙኽታር የጓደኛውን ክንድ ያዘ፤ እንደተያያዙም ደረሱ።

እማማ ታይቱ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ።

«እማማ፣ ኪዳን አልሰለመም» አለ ሙኽታር።

«አውቃለሁ።»

ኪዳን ደነገጠ። «ካወቁ ሳህኔን ለምን ለዩት?»

«ብትሰልምማ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ሙኽታር አለህ፣ ስትሞትም የሚቀብርህ ወገን አለህ እል ነበር። አሁን የት አለህ ልበል? ደረበ የለም። እኔ ስሞት ፍትሐት የሚያስፈታልኝ፣ አርባዬን የሚያወጣልኝ ማነው?»

«እኔ አለሁ። እጸልይልዎታለሁ።»

«የት?»

«እርሻዬ ላይ።»

«እኔ እዚያ ምን አለኝ ልጄ?»

ከዚያ ገብተው ምሳ አቀረቡ። ትሪውን መሃል አስቀምጠው «ና ሙኽታር፣ ቀረብ በል። ሹሮ ነው፣ አብረን እንብላ» አሉ። ለኪዳን ያችኑ ሳህን ሰጡት። ሙኽታር አፈረ፤ ግን የአሮጊቷን እንጀራ እንዴት እምቢ ይላል? በቀስታ «ቢስሚላህ» አለ። እማማ ታይቱም «በስመ አብ» ብለው አማተቡ። ሁለቱም እጃቸውን ሳይዘረጉ ኪዳንን ጠበቁት።

ትናንት በሬውን ሲያርድ ለሰው ብሎ ያላት ቃል ምላሱ ላይ መጣች። ለእናቱ ሲል ቢላት ሳህኑ ወደ ትሪው ይመለስ ነበር፤ ይህንንም ሦስቱም ያውቃሉ። ኪዳን ትሪው ዘንድ መመለስ እጅግ ፈለገ። ግን እናቱን መዋሸት አልሆንልህ አለው። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቃሏን ዋጣት።

እማማ ታይቱ ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ትሪው ዘረጉ።