ሳያድር የተለካ

ላሜራ አጣፊዋ የማዕዘን መለኪያውን አንስታ እጥፋቱ ላይ እንደገና አሳረፈችው። ዘጠና ሦስት። በሽርጧ ጠረገችውና ላሜራውን ገልብጣ በሌላኛው ጫፍ ለካች። እዚያም ዘጠና ሦስት፤ እንዲያውም ትንሽ ያልፋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ይኸው ላሜራ ከማጠፊያ ማሽኑ እንደወጣ ስትለካው ልክ ዘጠና ዲግሪ ነበር። አብረውት የታጠፉት አርባዎቹ ትናንትናውኑ ተጭነው ሄደዋል፤ ይኼኛው ጥጉ ላይ ስለተጫረ ብቻ ነው የቀረው። ይህ ከተከፈተ እነዚያም ተከፍተዋል ማለት ነው።

ላሜራው ሦስት ንብርብር ነው፤ ላይና ታቹ ስስ አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፕላስቲክ። አሉሚኒየሙ ሲያጥፉት በታጠፈበት ይቀራል። ፕላስቲኩ ግን ቂመኛ ነው፤ ፊት ለፊት እሺ ይልና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደነበረበት ለመመለስ ይገፋል። ስለዚህ በዚህ ወርክሾፕ አዲስ ላሜራ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ ሁለቱ ታጥፎ ያድራል። ጠዋት ሲለካ ምን ያህል እንደተመለሰ ይታያል፤ የቀረው በዚያው ልክ አስበልጦ ይታጠፋል። በድሮው ላሜራ ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ በልጦ አያውቅም ነበር። የዚህ ሳምንቱ ግን መሃሉ ወፈር ያለ ነው። የጭነት መኪናው ደግሞ ትናንት በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። እሷም «ያው ነው» አለችና፣ ቅጹ ላይ «ካደረ በኋላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ዘጠና ጽፋ ፈረመች። በስምንት ዓመት ሥራዋ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

አርባዎቹ የሄዱት ወደ ሆስፒታል ነው፤ ለእናቶችና ሕፃናት ክፍል ደጃፍ፣ ነፋስ ለሚያገኘው የመግቢያ ታዛ ኮርኒስ። በታጠፈው ጠርዛቸው የኮርኒሱን ብረት ነክሰው ነው የሚንጠለጠሉት። ጠርዙ ከላላ የሚይዛቸው ነገር የለም።

ከቁመቱ የተነሳ «መሰላል» የሚሉት ገጣጣሚ ጋ ደወለች።

«ስንቱን ሰቀላችሁ?»

«ሠላሳ አራት! ስድስት ብቻ ነው የቀረን። አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ! እንደ ዛሬ ቀሎን አያውቅም እኮ። የጎማ መዶሻውን ከሳጥኑ እንኳ አላወጣነውም። በእጅ ገፋ ስናደርገው ሸርተት ብሎ ይገባል።»

መሰላልና ጓደኞቹ ሁልጊዜ እሷን እየረገሙ በመዶሻ ነበር የሚያስገቡት። ያ እርግማን ዛሬ ቢመጣላት ምንኛ ደስ ባላት።

«ከሥሩ ሰው አለ?»

«ሰው ደግሞ መቼ ይጠፋል? በጨረስነው በኩል አግዳሚ ወንበሩን መልሰው ተቀምጠውበታል። ምነው?»

«ምንም» ብላ ዘጋችው። ለምን ምንም እንዳለች ታውቃለች። ፈርታ ነው።

የወርክሾፑ ባለቤት ቢሮ ስትገባ ሽማግሌው ስልክ ሊያነሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ትናንት የሄደው ተከፍቷል። ሦስት ዲግሪ።»

«ምን ሆኖ? አድሮ አይደል እንዴ የተለካው? ፈርመሽበታል እኮ።»

«አላደረም። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «በሩን ዝጊው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስሚኝ ልጄ። ነገ ማለዳ ሰው ሳይገባ መሰላልን ልኬ በየጠርዙ ብሎን አስመታበታለሁ። ማንም አይሰማም። ዛሬ ካወራነው ግን እኔም እዘጋለሁ፣ አንቺም ትታሰሪያለሽ። ፊርማው ያንቺ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«እስከ ነገ ቢወድቅስ?»

«አይወድቅም።»

«እንዴት ያውቃሉ?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና በሩ መዘጋቱን ደግመው አዩ። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሲፈሩ አይታ አታውቅም። ይህ ከሁሉ በላይ አስደነገጣት።

«እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ማሽኗ ጋ ቆማ አዲስ ላሜራ አስገባች። እግሯን ፔዳሉ ላይ ብታደርግም መርገጥ አቃታት። ትታሰሪያለሽ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ባሏ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ማን ያጥባታል? ማን ፀጉሯን ይሠራታል? ይህን ስታስብ ነፋስ ተነሳና የወርክሾፑን ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር አንኳኳው። ቀና ብላ አዳመጠች፤ ይኸው ነፋስ እዚያም ኮርኒሱን ይገፋል። ሽርጧን ፈታ ወደ መንገድ ስትወጣ ለታላቅ እህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ዛሬ ልጄን ከትምህርት ቤት አንቺ አምጪልኝ።»

«አመጣታለሁ። ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ምናልባት እዚያው አንቺ ጋ ታድራለች።»

«ድምፅሽ ደህና አይደለም። ምን አደረግሽ?»

«ጥፋት አጠፋሁ እትዬ። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ እየሄድኩ ነው።»

እህቷ ገና ስትጮህ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ሆስፒታሉ ጋ ስትደርስ ነፋሱ አቧራ እያነሳ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል፤ አንዲት እናት ታጠባለች፣ አንድ አዛውንት የሰው ጃኬት ታቅፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አጣፊዋ ወደ ላይ አየች። በሁለተኛው ረድፍ አንዱ ላሜራ ነፋሱ ሲመጣ ጠርዙ ከብረቱ ይላቀቃል፤ ሲያልፍ መልሶ ይገጥማል። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይመስለው ይሆናል። እሷ ግን ሰዉን አልፋ ወደ በሩ ዘበኛ ሮጠች።

«የእኔ እመቤት፣ በተራ ነው» አሉ ዘበኛው።

«ሰዎቹን ያስነሱልኝ አባቴ። ይሄ ኮርኒስ ሊወድቅ ነው።»

«ዛሬ የተሰቀለው? ማነው እንዲህ ያለው?»

«ቶሎ ያስነሷቸው!»

«ያለ ትእዛዝ የታመመ ሰው ከመቀመጫው አላስነሳም። ቆይ፣ አንቺ ራስሽ ማነሽ?»

ወርክሾፑ ልኮኝ ነው ማለት ትችል ነበር። የሆስፒታሉ መሃንዲስ አዟል ብትልም ያምኗት ነበር።

«ላሜራውን ያጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ። «በደንብ ሳልለካ ለክቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። የሚጠይቅ ሲመጣ እኔን ያሳዩት።»

ዘበኛውን አልጠበቀችም። በዚያ በሚላቀቀው ላሜራ ሥር ገባችና ከምታጠባው እናት እግር ሥር ያለውን ከረጢት አነሳች።

«ተነሺ እህቴ፣ ልጅሽን ያዢ። ይሄን እኔ እይዝልሻለሁ።»