ከማን ሰፌድ ነበር

«አደራ፣ ደህና አድርጋችሁ ልቀሙ፤ ለኦቦ ነገራ የቀሩላቸው ጥርሶች ብዙ አይደሉም» አለች ኡርጌ በሹክሹክታ። ለሣልስቱ ምስር የሚለቅሙት የዕድር ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። የሟቿ ልጅ ዲቦራ ፍራሹ ላይ ሆና ሰማች፤ አንገቷን ደፋች። ከለቃሚዎቹ አንዷ ዘቢደር ግን ሰፌዷ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች።

የተቀለደው በሟቿ በደስታነሽ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ አምቦ በሌላ ለቅሶ ቤት፣ እሷና ዘቢደር የለቀሙት ምስር አንድ ድስት ገባ፤ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ነገራ ጠጠር ነክሰው ጥርሳቸው ተሰበረ። ማን ለቀመው ተባለ። ደስታነሽ መነጽር ታደርጋለች፤ ሌላ ማስረጃ አልተፈለገም። ሠላሳ ዓመት ያገለገለችን ሴት ስብሰባ ጠርተው ከወጥ ቤት አስወጧት። ዓይን ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርቡን ማየት እንደሚያቅተው፣ ይህም እንደ ሽበት ያለ ነገር እንጂ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ከዚያ ሁሉ የተማረ ኮሚቴ አንድ ሰው አልተናገረም። አጥርታ የምታየው ደግሞ ባለመነጽሯ ነበረች።

ጠጠሩን ያላየችው ዘቢደር ናት። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃታት ቆይቷል፤ አረጀች እንዳይሏት ደበቀች። ያን ቀን ልትናገር ስትል ደስታነሽ እጇን ጨመቀቻት። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ባልሽን ከቀበርሽ መንፈቅሽ ነው። ከዕድሩ ሌላ የት ትውያለሽ? እኔ ልጅ አለችኝ» አለቻት።

አሁን ዘቢደር ሰፌዷን አስቀምጣ ኦቦ ነገራን ከድንኳኑ አስጠራቻቸው። ዲቦራ ፊት ቆመች።

«ጠጠሩ ከእኔ ሰፌድ ነው። ዓይኔ አላየውም። እሷ ስለ እኔ ብላ ነው ዝም ያለችው።»

ኦቦ ነገራ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ አሁን ምን ያደርጋል...»

«ለእኔ ያደርጋል» አለች ዲቦራ። «እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት ስትሄድ በር ላይ ነበር የምትቀመጠው።»

ዘቢደር ልትሄድ ነጠላዋን አጣፋች። ዲቦራ ከፍራሹ ተነሣች፤ ሰፌዱን በአንድ እጇ፣ የዘቢደርን ክንድ በሌላው ይዛ ብርሃን ወደሚገባበት መስኮት ወሰደቻት። ሴቶቹ ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም ብለው ሊከለክሏት ሞከሩ፤ አልሰማቻቸውም። ዘቢደርን አስቀመጠቻት፤ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለችና ከዚያው ሰፌድ መልቀም ጀመረች።