አሻጋሪዋ በማሊን አንደበት

...ገና ነው፣ ፊልሙ ላይ ተኩላዎቹ ሸንጎ አልተቀመጡም፣ ሐይቁ ከሸንጎው በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ልጁን ቲራን ሽንት ቤት ይወስዳታል፣ መጣብኝ ባትልም ይወስዳታል፣ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ሽንት መቼም አይጠፋም፣ እሷ በሳሙና አረፋ ስትጫወት አሻጋሪዋ ሴትዮ ሰጥማ ታልቃለች፣ ሲመለሱ ልጆቹ ማዶ ተሻግረዋል። ይኸው ነው ዕቅዱ። ሪካርድ ሌላ የለውም፣ ሚስቱ ማሊን ከሞተች ወዲህ ማቀድ ራሱ ይደክመዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኡሜዮ ከተማ፣ ሲኒማ ቤቱ እርጥብ ጓንትና ፋንዲሻ ይሸታል። ፊልሙ ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑ ነው፣ ከወላጅ ጋር ግን ያስገባሉ፣ ወላጅ አለ፣ አንድ። ቲራ የቅዳሜ ከረሜላዋን በየቀለሙ እየለየች ትበላለች። በወዲያ ጎኗ የማሊን ወንድም ሉድቪግ፣ ሠላሳ አምስት ሞልቶት ጌም ያልተወ ሰው፣ በጭንቅላቷ ላይ ተንጠራርቶ ያንሾካሽካል፣ ፊልሙ የተሠራበት መጽሐፍ ላይ የሚያወራው ነፋስ አልነበር እንዴ? ነበር፣ ይላል ሪካርድ፣ ነፋስ ፊት የለውማ፣ ስለዚህ ቁራ አደረጉት፣ ፊት ያለው ነገር ነው የሚሸጠው። አንተ፣ ከመጽሐፉ የሠሩት ጌም ላይ እኮ አሻጋሪዋ አትሞትም፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ ገመድ ትሸጣለች፣ ብትገድላትም ተመልሳ እዚያው ናት። ገድለሃታል እንዴ? አንዴ። ምን አለችህ? ዋጋ ጨመረችብኝ። ዝም በል ባክህ፣ ትሰማሃለች።

ባያመጣትስ ኖሮ። ግን ማስታወቂያው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተለጥፏል፣ በየጠዋቱ ቆማ ታየዋለች፣ እምቢ ቢላት ለምን ትለዋለች፣ ለምን ደግሞ ጉልበት ይፈልጋል። መጽሐፉን የምታነብላት ማሊን ነበረች፣ ሁሌም ማሊን፣ እሱ በዚያ ሰዓት ሳህን ያጥባል፣ ከግድግዳው ማዶ ድምጿ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም፣ ውሃውን ዘግቶ ላዳምጥ ብሎ አያውቅም፣ ምን አስቸኮለው፣ ነገም ታነባለች። ከቀብሩ በኋላ አንድ ማታ ራሱ ሞከረ። ሐይቁ ጋ ደረሰ፣ በረዶው ተሰነጠቀ፣ አሻጋሪዋ ልጆቹን ወደ ማዶ ገፍታ ውሃው ዘጋባት፣ ቲራ ከተኛችበት ተስፈንጥራ ተነሣች፣ እንደዚያ አይደለም! ትወጣለች! ተወው አባዬ፣ አትችልበትም። ገጾቹን እየገለበጠ ፈለገ፣ አትወጣም፣ የትም ቦታ አትወጣም። ማሊን ናት ያወጣቻት። ታዲያ ምን ይበላት፣ እናትሽ ስትዋሽሽ ነበር? አሁን ይህ ስክሪን ሴትዮዋን ቢያሰምጣት ማሊን ያወጣቻትም አብራ መስጠሟ ነው፣ አንድ ነገር እንኳ ሳይነካ ይቆይላት፣ አንድ...

ይህ ምንድን ነው? ነጭ። ስክሪኑ ሁሉ ነጭ። ሐይቁ ነው። ተኩላዎቹስ፣ ሸንጎውስ፣ ቆርጠውታል፣ ወይ ወደ ኋላ ገፍተውታል፣ የሰው ታሪክ እንደ ዕቃ ቦታ እየቀያየሩ፣ ቲራ፣ ነይ ሽንት ቤት እንሂድ። አልመጣብኝም። ይመጣብሻል። አባዬ ዝም በል፣ እሷ ናት! ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ እሽሽ ትላለች፣ የቲራን ክንድ ይይዛል፣ ትነጥቀዋለች፣ በረዶው እንደ ጥይት ይጮኻል፣ መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ናት፣ አንዲት መስመር፣ እዚህ ግን ማለቂያ የለውም፣ ሙዚቃ፣ እጅ፣ ጓንት፣ ውሃ።

ዘጋባት።

ቲራ ውሃውን ታያለች። ትጠብቃለች። ስክሪኑ ወደ ጫካው ይሄዳል፣ ቁራው ይቀልዳል፣ ሰው ይስቃል፣ እሷ ትጠብቃለች። አባዬ፣ ረሷት? አዎ ቢላት ያልፋል፣ ረስተዋት ነው፣ የፊልም ሰዎች መቼም ዝርክርክ ናቸው። ግን ደክሞታል። አልረሷትም የኔ ልጅ፣ መጽሐፉም ላይ አትወጣም፣ እማዬ ናት ከራሷ ያወጣቻት።

ታለቅሳለች ብሎ ትከሻዋን ይይዛል። አታለቅስም። አውቃለሁ ትላለች፣ እማዬ እዚያ ጋ ስትደርስ መጽሐፉን ትዘጋው ነበራ። ፊልም ግን ያወጣታል ብዬ ነው የመጣሁት።

ለዚህ ነው የመጣችው። ለዚህ።

ወጥታ ምን ትላለች? የሚጠይቀው እሱ ነው፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ይሆንበታል። ቲራ ማንሾካሾክ አትችልም፣ በማዶ በኩል ነው የምትወጣው፣ ፀጉሯ ደርቆ እንጨት መስሎ፣ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል፣ ምን ይገትራችኋል፣ ደረቅ ካልሲ ያለው ማነው ትላለች። ሉድቪግ ሳቁ ያመልጠዋል፣ ማሊን ራሷ፣ ይላል፣ ሳቁ መሀል ላይ ይሰበራል። ከዚያ ትንሿ ልጅ የት ነበርሽ ትላታለች። እታች። ያስፈራል? ጨለማ ነው፣ ግን አይበርድም።

አይበርድም። ማሊን ይህን መቼ ጨመረችው፣ ሐኪሙ እንደማትድን ሳይነግራት ነው ወይስ ከነገራት በኋላ፣ እሱ ከግድግዳው ማዶ ቆሞ። ስክሪኑ ላይ ጦርነት ተጀምሯል፣ ሰይፍ፣ እሳት፣ ከኋላ ያለችው ሴትዮ እንኳ እሽሽ ማለቱን ትታዋለች።

ከዚያስ?

ከዚያማ የለም፣ ትላለች ቲራ። እዚያ ጋ ስትደርስ እማዬን እንቅልፍ ይወስዳታል። ሁሌም። መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ።