የአልጋው ማልያ

ካስማ የመጨረሻ ጨዋታዋን የምትጫወትበትን ማልያ ትጥቅ ያዡ ሲወረውሩላት በአንድ እጇ ቀለበችና ገልብጣ ጀርባውን አየችው። ከአምስት ቁጥር በላይ ነጭ ፕላስተር ድርብ ሆኖ ተለጥፏል።

«ጋሼ፣ ዛሬም አልጋው ነው?»

«ዛሬም አልጋው ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ማልያ ከሚመዘግቡበት ደብተር ቀና ሳይሉ።

አልጋው የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የገዛ ጓደኞቹ ናቸው፤ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ሣር ላይ ስለሚጋደም። ወንዶቹ አዲስ ማልያ ሲሰፋላቸው አሮጌው ለሴቶቹ ይወርዳል፤ ጀርባው ላይ በጨርቅ ፊደል የተሰፋው ስምም በፕላስተር ይሸፈናል። ካስማ ለአሥራ ሰባት ዓመት ለአገሯ ስትሰለፍ ከቆመችበት የነቀላት አጥቂ አልነበረም፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ግን ያን የሚጋደም ሰው ጀርባዋ ላይ አዝላ ትሮጣለች።

ከአንድ ወር በፊት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ዋና ጸሐፊ ለመለመን ቢሮው ድረስ ሄዳ ነበር። ተጫዋቾቹ ሪባን ይሉታል፤ የሚቆረጥ ሪባን ባለበት ሁሉ አይጠፋምና። ከኳስ ጋር በሕይወቱ የተገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ኳስ የመኪናውን መስታወት የሰበረችበት ዕለት።

«እናቴ ልብስ ሰፊ ናት» አለችው። «ማልያውን አንድ ቀን ቢፈቅዱልኝ የአልጋውን ስም ፈታ የኔን ትሰፋልኛለች። የመጨረሻዬ ነው።»

«ጀርባሽን ማን ያይልሻል?» ሪባን በራሱ ቀልድ ቀድሞ ሳቀ። «ሰው የሚያየው ፊት ነው። ደግሞ ንብረት ከግምጃ ቤት አይወጣም። አበባ አዘጋጅተንልሻል፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ይሸኙሻል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ካስማ ክራቫቱን አየችው። ከሰውየው ይልቅ ክራቫቱ ቁም ነገር ያለው መሰላት። አመስግናው ወጣች።

ጨዋታው በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ዝናብ ጣለ። ፕላስተሩ መጀመሪያ ከጫፉ ተላቀቀ፣ ቀጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ፣ በመጨረሻ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ቀድማ ያየችው ከኋላዋ የቆመችው፣ ድመት የሚሏት ግብ ጠባቂ ናት።

«ካስሚ! ባልሽ መጣ!»

ጀርባዋን አንብቦ የሚያስተዋውቀው የድምፅ ማጉያ ሰውም ኳስ በነካች ቁጥር የአልጋውን ስም ከነአባቱ ይጠራ ጀመር። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከላይ ሆኖ፣ «አልጋው! ዛሬ ምን ነካህ፣ ሳትተኛ ዋልክ እኮ!» ብሎ ጮኸ። የተቃራኒ ቡድን ልጆች እያንዳንዳቸው ስማቸውን ጀርባቸው ላይ አድርገው ምን እንደሚያስቅ ሳይገባቸው ዞር ዞር አሉ።

በዕረፍት ሰዓት ሪባን የሴቶቹን መልበሻ ክፍል ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ። በአሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

«ሊቀመንበሩ እንግዶች ፊት አፈሩ!» አለ። «አንቺ ከእንግዲህ አትገቢም። አሥራ አራት ቁጥር ትቀይርሽ፣ የሷ ፕላስተር አልተነሣም። አንቺ ቱታሽን ልበሺና ሲያልቅ ለአበባው ትወጫለሽ።»

ካስማ አሠልጣኙን አየችው። አሠልጣኙ ጫማውን ማጥናት ያዘ። ሌላ ፕላስተር ለመለጠፍም ጨርቁ ርሶ አይሆንም። የቀራት አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱም በአንድ ክራቫት ለባሽ አፍ ሊያልቅ ነው።

ማልያውን አውልቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የፕላስተር መቁረጫዎትን ምላጭ ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ሪባንን አዩ፣ ደብተራቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ጨርቁን እንዳትነኪብኝ። ክሩን ብቻ።»

«የፌዴሬሽኑን ንብረት ልትቆርጪ ነው?» ሪባን ጮኸ።

«ክር ነው።»

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከእናቷ የስፌት መኪና ሥር ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ስትፈታ ያደገች ናት። አንዱን ስፌት በጥሳ ሁለተኛውን ታልፋለች፣ ሦስተኛውን በጥሳ ትስባለች። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ጭኗ ላይ ወረዱ። ሪባን ስለ ሥርዓት፣ ስለ ውለታ፣ ስለ ትዕግሥት ተናገረ፤ የሰማው የለም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ይሉ ነበር» አለች ድመት ጓንቷን እያጠለቀች። «ያልታደለ ደግሞ የሰው ቆርቆሮ ይለብሳል።»

ልጆቹ ሳቁ። የዳኛው ረዳት በሩን ሲያንኳኳ ካስማ የመጨረሻዋን ፊደል አንስታ ማልያውን አጠለቀች።

«እንግዲህ ሊቀመንበሩን የሚያሳፍር ስም የለም» አለች። «ሌላ ምክንያት ካለዎት አሁን ይንገሩኝ።»

ሪባን አፉን ከፍቶ አሠልጣኙን አየው። አሠልጣኙ አሁንም ጫማው ላይ ነው። ካስማ በመካከላቸው አልፋ ወጣች፤ ጀርባዋ ላይ ቁጥርና የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ጨዋታው ያለ ግብ አለቀ። ለአጥቂ ውርደት የሆነው ለተከላካይ ክብር ነው፤ ሊቀመንበሩ ግን ይህን የነገረው አልነበረም። ከወረቀት እያነበበ «ስላገባሻቸው በርካታ ግቦች» አመሰገናት። በአሥራ ሰባት ዓመት ያገባችው አንድ ነው፤ እሱንም በራሷ መረብ ላይ። ከአበባው ጋር አምስት ድስት በካርቶን ሰጧት። ካሜራው ሲቀርብ ሪባን ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ፣ ፈገግታውንም አዘጋጀ።

ካስማ ካልሲዋ ውስጥ ሸጉጣ ያቆየቻቸውን ፊደሎች መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ለአልጋው ያድርሱልኝ» አለችው። «ተኝቶ ከሆነ አይቀስቅሱት።»

ፈገግታው የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ቀረ፤ ፎቶውም እንደዚያው ተነሣ። ማልያውን ለትጥቅ ያዡ መለሰች። እሳቸው «ውሰጃት፣ ጠፋች ብዬ እጽፋለሁ» ቢሏትም እሺ አላለችም። ለስድስት ዓመት የተሸከመችው በቃት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ከስፌት መኪናቸው ፊት ነበሩ።

«ምን ሰጡሽ?»

«ድስት።»

እናቷ አንዱን ከካርቶኑ አውጥተው በጣታቸው አንኳኩት። «ስስ ነው» አሉ። «ያ ስምስ?»

«ፈታሁት።»

«በምን?»

«በምላጭ።»

«ጨርቁን ነካሽው?»

«የጨርቁን አንድ ክር አልነካሁም፣ እማዬ።»

እናቷ መነጽራቸውን አውልቀው አተኩረው አዩዋት።

«እሱን በይ እንጂ» አሉ። ድስቶቹንም በእግራቸው ወደ ግድግዳው ገፋ አድርገው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።