የአይብ ሻጯ ቦርሳዎች

ኮርቪኔ ስሙን ከሸጠ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ፓሪስ የነበረውን ስፌት ቤቱን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ሲያስረክብ ውሉ ስሙንም ጠቅልሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ «ኮርቪኔ» በሽቶ ጠርሙስ፣ በሰዓት፣ በውሻ ማሰሪያ ላይ ሳይቀር ያብረቀርቃል፤ ባለስሙ ራሱ ግን በሚሸጠው ነገር ላይ ቢጽፈው ክስ ይጠብቀዋል።

እጁ ሥራ መፍታት አልሆነለትም። ቡርጎኝ ገጠር ካለችው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰባት የቆዳ ቦርሳ ሰፋና እሑድ ጠዋት ገበያ ወጣ። ጠረጴዛውን ከፍየል አይብ ሻጯ ከማዳም ፔራሾን ጎን ዘረጋ። ደርድሮ ሳይጨርስ የገበያው ተቆጣጣሪ ቲቦ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ ደረሰ።

«ሙስዬ፣ ስምዎ የታለ? ሻጭ ሁሉ ስሙን መስቀል አለበት፤ ደንብ ነው።»

«ስሜ ሰው ቤት ነው።»

«እንግዲያው ሄደው ያምጡት።»

«አይሰጡኝማ።»

«ካልሰቀሉ ጠረጴዛዎን ያንሱ።»

ኮርቪኔ ቦርሳዎቹን ያመጣበትን ካርቶን ሳበ። ሰው ቦርሳውን ሲዳስስ አንድ ቀን እንኳ ለማየት ነበር የመጣው። ወደ ካርቶኑ ይመልሳቸው ጀመር።

ማዳም ፔራሾን ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች። «አንተ ቲቦ፣ እናትህ የላከችህን አይብ ትረሳለህ እንጂ ደንብ ረስተህ አታውቅም።» ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይገትርዎታል? ወደዚህ ያምጧቸው። የእኔ ስም ተሰቅሏል፤ ለሁለታችን ይበቃል።»

«ቦርሳዎቹ አይብ አይብ ይሸታሉ።»

«ሽቶ ሽቶ የሚሸተው ስምዎ የት አደረሰዎት?»

ቲቦ ቀና ብሎ ሰሌዳዋን አነበበ፦ ፔራሾን፣ የፍየል አይብ። ስም አለ። ሳቁን በመዝገቡ ከልሎ አለፈ።

እስከ ቀትር ከአይቡ ጎን አምስቱ ተሸጡ። ከዚያ በወርቅ ቀለም «ኮርቪኔ» የተጻፈበት ቦርሳ ያንጠለጠለች ወይዘሮ መጥታ ከቀሩት የአንዱን ስፌት ጎተት ጎተት አደረገች።

«ለአይብ ሻጭ ግሩም እጅ ነው» አለችው። «የእኔን ያህል ባይሆንም። ይኼን ሰውየው ራሱ ነው የሚሰፋው ይላሉ።»

ማዳም ፔራሾን ጎንበስ ብላ አይብ የምትፈልግ መሰለች። ኮርቪኔ ግን ባለወርቁን ተቀብሎ ዳሰሰው። «ማሽን ነው፤ ደህና ማሽን ግን።»

ወይዘሮዋ ስድስተኛውን ገዛች። «ለጓደኞቼ ማን ሰፋው ልበላቸው?»

ሽማግሌው ኮርቪኔ ደረቱን ነፋ። «ፔራሾን።»

ሴትዮዋ ስትሄድ ማዳም ፔራሾን ከአይቧ ቀና አለች። «ጉድ ፈላ! መቼ ነው የተጋባነው?»

«እሑድ እሑድ ብቻ ነው» አላት።